በሩ የሚዘጋ መኪና

በደርግ ዘመን ናይሮቢ በስደት ስኖር በአስተርጓሚነት እሠራ ነበር። የቀጠረችኝ ኪሊማኒ በሚባል ሰፈር ትንሽ ክሊኒክ የነበራት እንግሊዛዊት የሥነ ልቦና ሐኪም ናት። የምታጠናው የስደተኞችን ፍርሃትና ጭንቀት ነበር። ሰው የሚፈራውን ነገር በሸሸው ቁጥር ፍርሃቱ ይብስበታል፣ ቀስ በቀስ ከቀረበው ግን ይለቀዋል ትል ነበር።

ከታካሚዎቿ አንዱ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ይሠሩ የነበሩ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። ከአንድ ወንድማቸው በቀር ዘመድ የላቸውም። የደርግ ወታደሮች ከቢሯቸው አውጥተው፣ መስኮት በሌለው መኪና ጭነው ወሰዷቸው። ከእስር አምልጠው በሞያሌ በኩል ከተሻገሩ በኋላም በሩ የሚዘጋ መኪና ውስጥ ሲገቡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል። ስለዚህ ከሚኖሩበት ከኢስትሊ ሰፈር እስከ ክሊኒኩ በእግራቸው ነበር የሚመጡት።

ሐኪሟ ሁለታችንንም ማታቱ ወደሚባሉት የናይሮቢ ታክሲዎች ወሰደችን። መጀመሪያ አጠገባቸው መቆም ብቻ ነበር። በኋላ አንዱን ሾፌር አስፈቅደን ገባንና በሩ እንደተከፈተ ተቀመጥን። በሩ የተዘጋ ዕለት እጄን ጨምድደው ያዙኝ።

"አውርጂኝ፣ ልጄ፣ አውርጂኝ" አሉ።

ሐኪሟ "ትንሽ ይታገሱ፣ ያልፋል" አለች። እኔም ያንኑ ነገርኳቸው። እውነትም አለፈ። ከወራት በኋላ ክራባት አስረው፣ ብቻቸውን ተሳፍረው መጡ። ሐኪሟ በደስታ እጃቸውን ይዛ አልለቅም አለች።

ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎረቤታቸው መርዶ ነገራቸው። እሳቸው ከጠፉ በኋላ ወንድማቸው በእሳቸው ፈንታ ታስሮ ተገድሏል። በማግስቱ ክሊኒክ መጡ።

"ጠይቂልኝ" አሉኝ። "ለዚህስ ቀስ እያሉ የሚቀርቡት ነገር አለ?"

ሐኪሟ "ይህ ሐዘን ነው። እኔ የማውቀው ፍርሃትን ነው" አለች። ያለችውን በአማርኛ መለስኩላቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ "ደግ ሰው ናት፣ አልዋሸችኝም" አሉ። ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

ሲቆዩብኝ ኢስትሊ የተከራዩት ክፍል ድረስ ሄድኩ። አልጋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል።

"ጋሼ፣ ፍርሃቱ ተመለሰ እንዴ?"

"የለም" አሉኝ ሳይዞሩ። "አሁን ምንም አያስፈራኝም። ለማን ብዬ እፈራለሁ?"

ሐኪሟ ጥናቷን ጨርሳ ወደ አገሯ ስትመለስ ከዳኑት ጋር ቆጠረቻቸው። ተሳስተሻል ልላት አልቻልኩም፤ መኪናውንማ አይፈሩም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ይዤ መሄዴን ቀጠልኩ። ቀና ብለው ያመሰግኑኛል፣ የቤተሰቤን ደህንነት ይጠይቁኛል፣ ከዚያ ተመልሰው ይተኛሉ።