በምስማር የጫርኩት ፓራኦሊዮ

ይህ የሆነው ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ጅማ ውስጥ ነው። ዛሬም ሰው ሲታማ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

በዚያን ጊዜ በአንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ከጅማ ወደ አጋሮና ሊሙ ገነት ሰው አመላልስ ነበር። ሚስቴንና ሁለት ልጆቼን የማሳድረው በእሷ ነው። አንድ ጠዋት በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ቤቴ ደጅ ካቆምኩበት ሳንቀሳቅሳት መሬቱ ላይ የሰፌድ ያህል ጥቁር ዘይት አየሁ። ከሞተሩ ፊት ነው የሚንጠባጠበው።

ወደ አባ ቢያ ጋራዥ ወሰድኳት። አባ ቢያ የጅማ ተወላጅ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ የማያንስ፣ ብዙ የማይናገሩ መካኒክ ነበሩ። ከሥር ገብተው አዩና ፓራኦሊዮው፣ ማለትም ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያሽገው ቀለበት፣ እንደተበላ ነገሩኝ። በአዲስ ቀየሩት። በአራተኛው ቀን ዘይቱ እንደገና መንጠባጠብ ጀመረ።

ተመልሼ ስሄድ አባ ቢያ ግራ ገባቸው። አዲስ ፓራኦሊዮ በአራት ቀን አይበላሽም፣ ሌላ ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም፣ ሁለት ቀን ተውልኝና ሞተሩን በደንብ ልየው አሉኝ።

ለምን ሁለት ቀን? ነገሩ አልጣመኝም። ሻይ ቤት ስገባ ለጓደኛዬ ለተክሌ ነገርኩት። እሱም ሾፌር ነው። አሮጌውን አጥቦ መልሶ የሚገጥም መካኒክ ሞልቷል፣ መኪናህን ትተህ ከሄድክማ ደህና ደህናውን ዕቃ አውልቆ ይጨርሰዋል አለኝ። ከዚያ ወዲያ የሽማግሌው ዝምታ ራሱ የሌባ ዝምታ መሰለኝ። እጃቸውን ሲጠርጉ እንኳ ምን ደበቁ እያልኩ ጨርቁን አያለሁ።

አዲስ አበባ በሚመላለስ ሰው ሌላ ፓራኦሊዮ አስመጣሁ። ለአባ ቢያ ከመስጠቴ በፊት፣ ቢለውጡት እንዳውቅ ብዬ የብረት ጠርዙን በምስማር ሁለት ቦታ ጫርኩት። መኪናዋን ትቼ አልሄድም፣ አሁኑኑ ይግጠሙልኝ አልኳቸው። ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ ስጠብቅ አንድ የማውቀው ሰው ከደጅ ጠራኝ። አናግሬው ስመለስ ተገጥሞ አልቋል።

በሳምንቱ አሁንም ፈሰሰ።

በቃ፣ ለውጠውብኛል አልኩ። ሻይ ቤት ገብቼ አባ ቢያ ዕቃ እንደሚለውጡ ለሰማኝ ሁሉ አወራሁ። ሁለት ሾፌሮች መኪናቸውን ከአባ ቢያ ጋራዥ አወጡ።

በአጋሮ ገበያ ቀን ስምንት ሰው ጭኜ ስሄድ፣ ከተማው ልንገባ ትንሽ ሲቀረን የዘይቱ መብራት በራ። ሞተሩን ወዲያው አጠፋሁት። ተሳፋሪዎቹ እየገፉ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ መካኒክ ዘንድ አደረሱኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸውና ይፍቱት፣ ምልክቴ እንደሌለበት በዓይንዎ ያያሉ አልኳቸው።

ፈቱት። በጨርቅ ወልውለው ሰጡኝ። ሁለቱም ጭረቶች አሉ።

አገላብጬ ደግሜ አየኋቸው። ጋሽ ወልዴ ግን ሞተሩ ውስጥ አጎንብሰው ከወደ ኋላ አንዲት ቱቦ አፍ ላይ በሽቦ የታሰረ ላስቲክ አገኙ።

"መተንፈሻውን ማነው እንዲህ ያሰረው?" አሉ።

እኔ ነኝ። በበጋ የሊሙ መንገድ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ አስሬው ረስቼዋለሁ።

"ሞተሩን አፍነኸው ትንፋሹ በየት ይውጣ? ዘይቱን ይዞ ፓራኦሊዮውን ገፍቶ ነዋ የሚወጣው።"

ጅማ እንደተመለስኩ በቀጥታ አባ ቢያ ዘንድ ሄድኩ። ያልኩትንም ያደረግኩትንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ስለ ምልክቱ ስናገር አቋረጡኝ።

"አይቼዋለሁ፣ ኢልማ ኮ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። "ስገጥመው አይቼዋለሁ።"

ታዲያ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው።

"ወላሂ ብልህ ታምነኝ ነበር? አንድ ቀን ሲፈታ ራስህ ታየዋለህ ብዬ ነው።" ከዚያም፣ "ይቅርታውን ለእኔ ብቻ አታድርገው። ለነገርካቸው ሰዎች ንገራቸው" አሉኝ።

ያው ሻይ ቤት ሄጄ ተናገርኩ። ከሁለቱ ሾፌሮች አንዱ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። ሌላው ግን ፈገግ ብሎ አየኝና ሽማግሌው ምን ሰጥተውህ ነው አለኝ። ብምልም አላመነኝም። ተክሌም የሳቀው አብሮት ነው።

አባ ቢያ ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔም መንዳት ከተውኩ ቆየሁ። ጭረቱን አይተው እንደተጠረጠሩ እያወቁ፣ አንድ ክፉ ቃል ሳይናገሩ፣ ብሎኑን ሁሉ አጥብቀው "በሰላም ግባ" ብለው የሸኙኝ ያ ቀን ትዝ ሲለኝ ግን እስከ ዛሬ አፍራለሁ።