ደጊቱና ያልተከፈተው ክምር

ሰው ራብ ይችላል፣ ብርድም ይችላል፤ የተሸፈነ ነገር ግን አይችልም። ወጥ ጥዶ ክዳን ያነሣል፤ ዘር ዘርቶ አፈሩን ጫር አድርጎ ያያል። ይህን ጠባይ እንደ እንጅባራ ዙሪያ ከሰል አክሳይ አብጠርጥሮ የሚያውቀው የለም፤ የከሰል ሥራ ግማሹ አለማየት ነውና።

ደጊቱን የማውቃት በመጥረቢያዋ ነው፤ እጀታው ሲላላ የማበጅላት እኔ ነኝ። ባሏ ከመሞቱ በፊት ጤፍ እምቢ ያለውን ተዳፋት ለከሰል በሚተከለው በዲከረንስ ዛፍ ሸፍኖላት ነበር። ማክሰሉን ራሷ ለመደችው። «የሴት ክምር ይነዳል» ያሉዋት ሁሉ ዛሬ ከሰሏን ነው የሚያነዱት።

ዘንድሮ ዛፉን በሽታ መታው፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ቆሞ ከሚደርቅ ብላ ማሳውን በሙሉ አስቆረጠች። ሌላ ጊዜ ሦስት ቦታ ታከስለው ነበር፤ የወንፈሉ ተራ አንዴ ብቻ ስለደረሳት ግን ሁሉንም በአንድ ክምር ደረደረችው። ያ ክምር ከነደደ ዓመቱን የምትኖርበት ሌላ ነገር የላትም።

እንጨቱ ሣር ይለብሳል፣ በሣሩ ላይ አፈር። ከሥር ትንንሽ የጭስ መውጫ ይተዋል። ጭሱ ነጭና ወፍራም ከሆነ እንጨቱ ገና ውሃውን እየተፋ ነው፤ ሲሳሳና ሰማያዊ ሲሆን በስሏል። ያኔ ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ እስኪበርድ ይጠበቃል። ቀድሞ የከፈተ አመድ ያፍሳል።

አንድ ጠዋት የወንፈል ሰዎች አካፋ ተሸክመው መጡ። ጭሱ እንደ ነጣ ነው።

«ማን ጠራችሁ?» አለች ደጊቱ።

«አስማረ ደርሷል ብሎን ነዋ!» አለች ጎረቤቷ የምሥራች። «እኔማ ጆንያዬን ሁሉ ተሸክሜ!»

አስማረ ዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ወንድም ነው፤ የሚያርስላትም እሱ። «እሳቱ ጠፍቶ ይሆናል እኮ» አለ። «ጎኑን ከፈት አድርገን እንየው።»

«ጭሱን አታይም? ነጭ ነው።»

«ጭስ ጭስ ነው! አንቺ ደግሞ እንደ ነጠላ ቀለም ትመርጫለሽ!»

ሳቁ። የሁሉም ታላቅ አያ ዓለምነው ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ይኸ ሁሉ ሰው ሥራ ፈቶ ቆሟል። ነገ ተራው የኔ ነው። ዛሬ ካልከፈትሽ ማን ይመጣልሻል?»

«አያ፣ እርስዎን እምቢ ማለት ይከብደኛል።»

«እንግዲያ አታክብጂው።»

ጭስ አንብቦ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ በጎረቤት ዓይን ተከቦ መጠበቅ ሌላ። እጇ አካፋውን ያዘ። ልታነሣው ስትል ግን፣ ቢያንስ ዙሪያውን ልይ ብላ ወደ ኋላ ዞረች።

ከኋላ አፈሩ ሰርጉዶ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ጭስ የለም፤ አየሩ ግን በሙቀት ይንቀጠቀጣል። አጠገቡ የአስማረ ዱላ ወድቋል፤ ጫፉ ከስሏል። ወግቶ አይቶ፣ በእግሩ አፈር መለስ አድርጎ መሄዱ ነው። ዓይኗ እያየ ከስንጥቁ የእሳት ምላስ ብቅ አለ።

«አፈር! አፈር አምጡ! ነደደብኝ!»

ሊከፍት የመጣው አካፋ ሁሉ ለመድፈን ዞረ። የምሥራች የመጠጥ ውሃዋን አፈር ላይ ደፍታ ጭቃ አቦካች። አያ ዓለምነው ጋቢያቸውን ጥለው በእጃቸው ለጠፉ። ከሁሉ የፈጠነው፣ ከሁሉም የጮኸው አስማረ ነበር። «ከላይ! ከላይ በሉበት! ማነው ይኼን የሠራ?» ይላል፤ እሳቱ ግንባሩን እየለበለበው አይሸሽም። ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው አካፋው አይደክምም።

ስንጥቁ ተደፈነ። ሁሉም የጭስ መውጫዎቹን ያይ ጀመር። ቆይቶ ነጩ ጭስ ተመለሰ።

«አፌ ተከፍቶ ነበር» አለችኝ ደጊቱ ኋላ። «በሰው ፊት ላዋርደው። ግንባሩን ሳየው ተውኩት።»

ዱላውን አንሥታ ሰጠችው። «ዱላህን እንዳትረሳ።»

አስማረ የከሰለውን ጫፍ በመዳፉ ሸፍኖ ተቀበላት። ከዚያ ወዲያ ጭሱ ሰማያዊ እስኪሆንና ክምሩ እስኪበርድ ማንም ሳይለምነው አብሯት ጠበቀ።

ሲከፈት ከሰሉ እንደ ብርጭቆ ጮኸ። ዓመቱን የሚያኖራት ተርፏል፤ ከኋላ ግን የተኛ በሬ የሚያህል ቦታ አመድ ሆኗል።

«ይኼን ጥግ ምን ነካው?» አለች የምሥራች።

አስማረ አካፋውን አቆመ።

«አየር» አለች ደጊቱ፣ ጆንያዋን እየዘረጋች። «በል ያዝልኝ፣ አፉን ክፈትልኝ።»