የሰኪና መጅ

ሰኪና ወረታ ገበያ ጨርቅ መሸጥ ከጀመረች ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ሰው ሆደ ሰፊ ናት ይላታል። ሆዷስ በእርግጥ ሰፊ ነው፤ ያን ሁሉ ቂም የት ታስቀምጠው ኖሯል!

ነገሩ የሃምሳ ሦስቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ካራቆሬ አጠገብ ትኖር ነበር። እናቷ ሂክማ ከሌሎች ሴቶች ጋር የባላባቱን የሰርግ በርበሬ ልትፈጭ እህል ቤቱ ገባች። ጠባቂው እህል እንዳይሰርቁ ብሎ በሩን ከውጭ ቆለፈባቸው። መሬቱ ሲናጥ ቁልፉን እንደያዘ ሮጠ። ግድግዳው ከተናደ በኋላ ደግሞ፣ ቤቱ ባዶ ነበር፣ ሴቶቹ ቀድመው ኮብልለዋል ብሎ ማለ። ስለዚህ ማንም አልቆፈረም፣ ማንም የቀብር ሰላት አልሰገደባቸውም። ሰኪናን አጎቷ ወረታ አምጥቶ አሳደጋት።

እሷ ግን በሩ ሲቆለፍ በዓይኗ አይታ ነበርና አልተወችም። ወደዚያ አገር እየተመላለሰች፣ የቀረ ዘመድ እያፈላለገች፣ የሰባት ሴቶችን ስም ሰበሰበች። ከሰላት በኋላ ለሰባቱ ዱዓ ታደርግና ከዚያው ሳትነሳ ጠባቂውን በስሙ ትረግማለች።

በአዋሽ በኩል መሬት ተንቀጠቀጠ ብሎ ሬዲዮ ያወራ ሰሞን፣ ሴት ልጁ ዘንድ ሊጦር ወረታ የመጣ ሽማግሌ ሱቋ ደጃፍ ተቀምጦ ወሬ ጀመረ። በሃምሳ ሦስቱ የባላባት እህል ቤት ጠባቂ እንደነበረ፣ ከእነሱ ግቢ አንድም ሰው እንዳልሞተ አወራ። ሰኪና የምትለካውን ጨርቅ አስቀመጠች። ስሙን ብትጠይቀው ባየህ ነኝ አላት። ያ የምትረግመው ስም ነው።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበራትም። በገበያው፣ በለቅሶው፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ሥራውን አወራች። ለቤተሰቡ ክር እንኳ አልሸጠችም። ሰው ሰላምታ ሲነሳቸው ልጁ ሠርካለም ሽማግሌ ላከች።

በአገሩ ወግ በዳይ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይቆማል፤ ተበዳይ ይውረድ ካለ አበቃ። ወረታ ያለችበት ፎገራ ደግሞ ጭቃ እንጂ ድንጋይ የት አለው! ሽማግሌዎቹ ለእርጅናው አዝነው ከሩዝ ማሳ የደረቀ ጓል አሸክመው ደጇ አመጡት። ሰኪና ስታየው ሳቀች። ጓዳ ገብታ የወፍጮዋን መጅ አመጣችና ጓሉን አንስታ በምትኩ አንገቱ ላይ ጫነችበት። እናቷ የሞተችው መጅ ጨብጣ ነዋ።

ባየህ ከመጁ ክብደት ጎበጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሸህ አብዱልአሊም ስለ አላህ ብለሽ ይውረድ በይ ብለው ለመኗት።

"ስንት እንደነበሩ ይናገር" አለች። "ባዶ ነበር ያለው አፉ ይናገር።"

ባየህ መጁን በሁለት እጁ ደገፈ። "ስምንት ነበሩ" አለ። "ቆጥሬ ነው የቆለፍኩት።"

ሰኪና ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰባት ስትል ኖራለች። ስምንተኛዋ ማን እንደሆነች ብትጠይቀው፣ የዚያን ዕለት ለቀን ሥራ የመጣች መንገደኛ ናት፣ ስሟን አልጠየቅኋትም አለ።

"የእናቴን ይቅር ብልህ፣ የእሷን ማን ይቅር ይልሃል?" አለችና ቤቷ ገባች። መጁን ከእሷ በቀር የሚያወርድ የለም፤ ሠርካለም አባቷን ከነሸክሙ ደግፋ ወሰደች።

በማግስቱ ሠርካለም መጁን ከአባቷ አንገት ራሷ አውርዳ፣ ታቅፋ መጣች። ሰኪና በሩ ላይ እንደቆመች ጠየቀቻት።

"የሴትዮዋን ስም ይዘሽ ነው?"

"እሱም አያውቀውም። መጅሽን ልመልስልሽ ነው።"

"እንግዲያው መልሰሽ አሸክሚው።"