ሁለቱ ማፈኛዎችና የእኔ ጆሮ

በጃንሆይ ዘመን ሆሳዕና ከተማ ውስጥ መዝሙር አስተምር ነበር። ጆሮዋ ጥሩ ነው ይሉኝ ነበር፤ ከአርባ ልጅ መሀል ዜማ የሳተውን ለይቼ አወጣለሁ። ጎረቤቴ የክሊኒኩ ድሬሰር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ የመጣው ይህንኑ ሰምቶ ነው።

ድሬሰሩ ዝምተኛ ሰው ነበር። ፈቃድ የወጣላት አንዲት የአደን ጠመንጃ ነበረችው። ከቦኖሻ ወዲያ ያለውን የአባቱን የበቆሎ ማሳ ከርከሮ እየገባ ስለሚያወድመው፣ በየጊዜው እየወረደ ይጠብቃል። እውነቱን ለመናገር ግን ከአደኑ ይልቅ ጠመንጃዋን መፍታትና መግጠም ይወድ ነበር።

በዚያ ሰሞን ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ የመንገድ መሐንዲስ፣ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ትቶለት ሄዷል። ከስንዝር ትንሽ የሚረዝም፣ ጥቁርና ለስላሳ የፋብሪካ ቱቦ ነው። የወፍጮ ቤቱ መካኒክ ይህን አይቶ፣ “ይሄማ የሞተር ጩኸት የሚያፍነው የማርሚታ ታናሽ ወንድም ነው፤ እኔስ ምን ያቅተኛል?” አለና በወሩ የራሱን ሠርቶ መጣ። አሁን የትኛው እንደሚሻል የሚፈርድ ሰው ይፈልጋሉ።

“ይኼ ነገር አያሳስርም?” አልኩት።

“ሁለቱንም ይዤ መሣሪያ መዝጋቢው ጋ ቀርቤያለሁ። አገላብጠው አዩና፣ ‘እኛ የመዘገብነው ጠመንጃህን ነው፤ ጩኸቱን አልመዘገብንም’ ብለው ከፈቃዴ ጀርባ ጽፈው ፈረሙልኝ።”

ነገሩ አጓጓኝ። ደብተሬን ይዤ አብሬያቸው ወረድኩ።

ማሳው ዳር ከአንድ ዋርካ ሥር አቁመውኝ፣ ፊቴን አዞሩና ራቅ ብለው ሄዱ። ድሬሰሩ የሚተኩሰው ወደ ገደል ግድግዳ ነው። መጀመሪያ ያለማፈኛ ተኮሰ። ድምፁ ኮረብታውን መትቶ ተመለሰ፤ ወፎቹ ከዋርካው ላይ ግር ብለው ተነሡ። ከዚያ ማፈኛዎቹን እያፈራረቀ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳይነግረኝ ተኮሰ።

ጸጥታ ጠብቄ ነበር፤ ጸጥታ ግን አልነበረም። አንደኛው ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ይመስላል፤ ሁለተኛው የቆርቆሮ በር በነፋስ ሲዘጋ። ከሁለቱም ጋር ግን አየሩን የሚሰነጥቅ የጅራፍ ድምፅ ነበር። የገረመኝ ጅራፉ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አለመቻሌ ነው። ይህንኑ ጻፍኩ።

መካኒኩ እየሮጠ መጣ። “እሺ እትዬ፣ የትኛው ይሻላል?”

“አንደኛው ለስለስ ይላል። ሁለተኛው ይጮኻል፤ ግን ድምፁ አጭር ነው፣ ቶሎ ይሞታል።”

ሁለተኛው የእሱ ነበር። “አጭር ነው” የምትለዋን ብቻ ይዞ ደስ አለው።

ድሬሰሩ ሌላ ጥይት ሊያጎርስ ሲል፣ በገደሉ በኩል ሣር የተሸከመች ሴት ከነልጇ ብቅ አለች። የማሳው ጎረቤት ናት። ሸክሟን አወረደች።

“ማነው የተኮሰ?” አለች በተሰባበረ አማርኛ። “መጀመሪያ ትልቁን ሰማን፣ ቆምን። ከዚያ ጅራፍ ሆነ። ከብት የሚነዳ ሰው አለ፣ ተኳሹ ሄዷል ብለን ወደዚህ መጣን።”

ድሬሰሩ ጠመንጃዋን አራገፈ፣ ጥይቶቹን ኪሱ ከተተና ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ቆይቶ በሀዲይኛ ረጅም ነገር ነገራት። ይቅርታ እየጠየቀ መሆኑን ከድምፁ ተረዳሁ። እሷም አልተቆጣችም። እንደ ትልቅ እህት ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

ከዚያ ወዲህ ከርከሮ ሲጠብቅ ማፈኛ አይገጥምም፤ ድምፁ ለሰፈሩ ሰው ማስጠንቀቂያ ነው አለ። በማፈኛ የሚተኩሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ፣ ያውም በየቤቱ ዞሮ ከተናገረና የገደሉን ግራና ቀኝ ሰው ካስጠበቀ በኋላ ሆነ። መካኒኩ ግን አልተኛም፤ ሦስተኛና አራተኛ ሠራ። ሴትየዋም እየመጣች አጠገቤ መቀመጥ ጀመረች። ዜማ እኔ እለያለሁ እንጂ፣ አቅጣጫ በመለየት እሷ አትቻልም ነበር።

አራተኛው ሲተኮስ ጆሮዋን አዘንብላ አዳመጠች። “ይሄ መጥፎ ነው፤ ትንሽ ብቻ ነው የሰማሁት” አለች።

መካኒኩ ሳቀና ወደ ደብተሬ እየጠቆመ፣ “እትዬ፣ ‘በጣም ጥሩ’ ብለው ይጻፉልኝ” አለኝ።