የጭቃ በሬዎችና ባዶው ደብተር

ጭቃው ተመለሰ! ትናንት የወላጆች ስብሰባ ወስኗል፤ የታናሽ እህቴ ክፍል ከሰኞ ጀምሮ ወደ ግቢው ማንጎ ዛፍ ጥላ ይመለሳል። የተወሰነው ደግሞ፣ ሳላፍር ልናገረው፣ የኔ ደብዳቤ ከተነበበ በኋላ ነው። ባጃጅም አላስፈለገኝም፤ ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤት በሩጫ!

ግን ጭቃውን ያስከለከልኩትም እኔው ነኝ። በቅናት።

እህቴ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዜሮ ክፍል ናት። አስተማሪዋ ከብት አርቢ ከሆኑት ኑዌሮች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ማንጎው ሥር ሰብስበው በጭቃ በሬ ያሠሯቸዋል፤ እሳቸውም በልጅነታቸው እንዲሁ እየሠሩ ነው ያደጉት። ልጆቹ በሬዎቻቸውን ይቆጥራሉ፣ በረት ያጥራሉ፣ በየቤታቸው ቋንቋ ስም ያወጣሉ። በሬ ከጠፋ ክፍሉ በሙሉ ፍለጋ ይወጣል። እህቴ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ስትመጣ ወሬዋ አያልቅም።

"የኔ ቦቃ ነው፤ ግንባሩን አመድ ቀባሁት። ያንቺ በሬ ስሙ ማነው?"

እኔ በሬ አልነበረኝም። በዚያ ዕድሜዬ እጄን አጣምሬ፣ ያልገባኝን ፊደል በጩኸት ስደግም ነው የዋልኩት። ከተሳሳትኩ ጣቴን በማስመሪያ። ለምን እሷ ብቻ? ጭቃዋን ሳጥብላት ሆን ብዬ ጆሮዋን ጠበቅ አድርጌ አሽ ነበር።

እናቴ ነርስ ናት፤ ሳምንቱን ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ስለምትሠራ ለባለፈው የወላጆች ስብሰባ እኔን ላከችኝ። "ዝም ብለሽ አዳምጪ" ብላኝ ነበር። እኔ ግን የእህቴን ደብተር ይዤ ሄድኩ። እኛ ሰፈር የልጅ መማር የሚታወቀው በደብተር ነው፤ ወላጅ ከሥራ ሲገባ ገልጦ ቀይ ራይት ይፈልጋል። ተነሳሁና ደብተሩን ገልጬ ከፍ አደረግኩት። ባዶ።

"ይኸው፤ ሲጫወቱ ነው የሚውሉት" አልኩ።

አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ ወጣት አባት፣ ባጃጅ የሚነዳ፣ "ጭቃ ከሆነማ ባሮ ዳር በነፃ አለ!" ብሎ ሰዉን አሳቀው። አንዲት እናት ደግሞ "እኔ የላክኋት እንግሊዝኛ እንድታወራ ነው፤ ከብት እንድትጠብቅ ነው እንዴ?" አሉ። አስተማሪዋ በረጋ አማርኛቸው "ልጅ መጀመሪያ ይጠይቅ፤ ፊደል ይመጣል" አሉ። ማን ሰምቷቸው! ጭቃው ተከለከለ።

በሁለት ሳምንት የእህቴ ደብተር ሞላ፤ ራይት በራይት ሆነ። እሷ ግን ወሬ አቆመች።

"ዛሬ ምን ሠራችሁ?"

"ጻፍን።"

በቃ። ጠዋት ጠዋት "ሆዴን አመመኝ" ማለት ጀመረች። ያስቀናኝ ነገር ሲቀርባት ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ቤታችን ውስጥ፣ ማንም ሳያዛት፣ እጇን አጣምራ ተቀምጣ አገኘኋት። ልክ እንደ እኔ።

ያኔ ለወላጆች ስብሰባ የሚነበበውን ደብዳቤ ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ደብተሩን ያሳየሁት ቀንቼ መሆኑን አልደበቅኩም። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ "ስለ ትንንሾቹ ትምህርት ወላጅ ይናገር፣ አስተማሪም ትናገር። ልጆቹንስ ማን ጠየቃቸው? በአምስት ዓመታችን ትምህርት ቤት የምንሄደው፣ ነገም መሄድ እንድንፈልግ ይመስለኛል። እኔ አልፈልግም ነበር።"

ትናንት ይህ ሲነበብ ባለባጃጁ "የኔዋም ሆዴን ትላለች" አለ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። እንግሊዝኛ የፈለጉት እናት ወደ እኔ ዞረው "አንቺ ልጅ፣ ያን ቀን እንዲህ ብትናገሪ ምን ነበር?" አሉኝ። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ጠዋት ጭቃ፣ ከእረፍት በኋላ ፊደል። ወላጆችም እየመጡ ከልጆቹ ጋር ይቀመጣሉ።

ለእህቴ ስነግራት "ቦቃዬ ተሰብሮ ይሆን?" ብላ እዚያው ጫማዋን ፍለጋ ሄደች። እኔስ? ደስ ብሎኛል፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁንም እቀናለሁ። የኔ ትምህርት በከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ሰኞ ጠዋት ማንጎው ሥር ነኝ። አስተማሪዋ "ለሌላም ሰው ቦታ አለ" ብለዋል። እናንተም ኑ። ሩቅ ከሆናችሁ ሰፈራችሁ ካለ ትንሽ ልጅ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። አሮጌ ልብስ ልበሱ፤ የበሬያችሁንም ስም አስቡበት፤ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።