ወፍጮ ቤት የቀረው ግርማ

ልጅ ሳለሁ ጦርነት የሚካሄደው በበረዶ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይህን ያስተማሩኝ የእናቴ አባት፣ አባባ ናቸው። እናቴ ከኤርፖርት ሥራዋ እስክትመለስ የሚጠብቁኝ እሳቸው ነበሩ። በስደት በምንኖርበት አገር፣ ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር በነበረችው አፓርታማችን፣ በብርዱ ወራት ገና በአሥራ አንድ ሰዓት ይጨልማል፤ ማሞቂያው አቧራ አቧራ እየሸተተ ያፏጫል፤ አባባም ትልቁን መብራት አጥፍተው የጠረጴዛዋን ብቻ ይተዋሉ። ሲኒማ በጨለማ ነው የሚያምረው ይሉ ነበር።

ተረታቸው የጦጣና የአንበሳ አልነበረም። በደርግ ዘመን ቀበሌያቸው አዳራሽ ይታይ የነበረ አንድ የዩጎዝላቪያ ፊልም ነው፤ ጀርመን አገራቸውን የወረረባቸው፣ ፓርቲዛን የሚባሉ አርበኞች ቁስለኞቻቸውን ተሸክመው ተራራ ሲያቋርጡ ያሳያል። ፊልሙ ትርጉም ስላልነበረው አባባ ከሸራው ጎን ቆመው ለሕዝቡ ያስረዱ ነበር። ቋንቋውን ግን አንዲት ቃል አያውቁም! እንደመሰላቸው ያወራሉ፣ ስምም ያወጣሉ። አዛዡ ሻምበል ደስታ፣ ነርሷ አልማዝ፣ መትረየስ የያዘው ትንሹ ደግሞ ግርማ ነበር። እኔም ፓርቲዛኖች የጎጃም ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ።

ያኔ የሚያስጨንቀኝ ግርማ ነበር። ጓደኞቹ ተራራውን እስኪወጡ ጠላትን ለማቆየት ወፍጮ ቤት ውስጥ ብቻውን ይቀራል። አባባ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይልና፣ «ከዚያማ ዞሮ ጓደኞቹ ላይ ደረሰባቸው» ብለው ይጨርሱታል። በየት በኩል ዞረ ስላቸው፣ «አገሩ አይደል? ያውቀዋላ» ይሉኛል። ልቤ ግን አያምንም፤ አልጋዬ ውስጥ ገብቼም የማስበው ግርማ በእርግጥ መድረስ አለመድረሱን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከላያችን የሚኖሩት የድሮዋ ዩጎዝላቪያ ሰው፣ ቦስኒያዊው ሚስተር ሚርዛ፣ ነገሩን ከእናቴ ሰምተው ያንኑ ፊልም በካሴት ይዘው መጡ። ሦስታችን ሶፋው ላይ ተደርድረን አየን። ወፍጮ ቤቱ ሲመጣ አባባ ሳያስቡት ተነሥተው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሙ። ግርማ ተኮሰ፤ ጥይቱ አለቀ፤ በረዶው ላይ ወደቀ፤ አልተነሣም። አባባ ግን እንደልማዳቸው፣ «ዞሮ ደረሰባቸው» አሉ።

«ኖ! አባባ፣ ሂ ዳይድ!» ብዬ ጮኽኩ። በጣም ነበር የተናደድኩት። ሚስተር ሚርዛ አማርኛ ባያውቁም ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ፊልሙን አቆሙት።

«መሞቱን መች አጣሁት ልጄ» አሉ አባባ ቁጭ እያሉ። «ያኔ አዳራሹን የሚሞሉት ልጆቻቸው የዘመቱባቸው እናቶች ነበሩ። የልጇን ወሬ የሰማች አንዲትም የለች። እነሱ ፊት ቆሜ ትንሹ ሞተ ልበል?»

«እናቶቹ ሲወድቅ አላዩትም?»

«አዩት እንጂ። የሚሰሙት ግን እኔን ነበር።»

ያን ቀን ቂሜን አልተውኩም። ውሸት ነው፣ አለቀ።

ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪም ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ማድረስ የሥራዬ ሕግ ነው፤ ደግሞም አምንበታለሁ፣ ሰው ስለገዛ አካሉ እውነቱ ሊነገረው ይገባል። ነገር ግን ልጇ የታመመባት እናት ዶክተሩን ትታ የእኔን አፍ ስታይ፣ አባባ ያኔ ምን እንደተሰማቸው ይገባኛል።

ባለፈው ዓመት አባባ ታመሙና ተራው የራሳቸው ሆነ። ለዘመድ ማስተርጎም ባይፈቀድልኝም እሳቸው ሌላ ሰው አልፈልግም አሉ። ሐኪሟ ተናግራ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞሩ። «ትንሽ ድካም ነው» ልል አፌን ስከፍት እጄን ያዙኝ።

«እንዳለችው ንገሪኝ፤ እኔን አታባብዪኝ።»

ነገርኳቸው። አንዲት ቃል አላስቀረሁም። ሰምተው ሲያበቁ እጄን ሳይለቁ፣ «ጎበዝ፣ ከእኔ ትሻያለሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ይሁን ሊያጽናኑኝ ብለው፣ እስካሁን አላወቅሁም።