ሰርኬ ነጠላዋን የዘቀዘቀችበት እሁድ

ሰርኬ አማኑን በሰፈራችን የማያውቃት የለም። ቀራንዮ ገበያ ሠላሳ ዓመት ቅቤ ስትሸጥ ኖራለች። ቅቤውን እያሸተተች "ይሄ የሰኞ ነው፣ ያ የሐሙስ ነው" ትላለች፤ እውነት ይሁን አይሁን ያጣራ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። ባሏ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ያለቻት አንድ ልጅ ናት፤ ርሆቦት ትባላለች፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። እኔ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸውና የእድሩ ሰብሳቢ ነኝ። ይህን የምጽፈውም እናትና ልጅ "ይጻፉት" ስላሉኝ ነው።

የሰርኬ ሥራ ቅቤ መሸጥ ነው ብትሏት ትቀየማለች። እሷ ራሷን የምትቆጥረው በእግር ተጓዥነት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ሐኪም "ለጉልበትዎ ጥሩ ነውና በእግርዎ ይሂዱ" ቢላት፣ ብቻዬን መንገድ ለመንገድ ስዞር ሥራ የፈታሁ እመስላለሁ ብላ እምቢ አለች። አንድ እሁድ ግን ርሆቦት ለልብ ሕሙማን ሕፃናት በተዘጋጀ የእግር ጉዞ ላይ መስቀል አደባባይ ይዛት ሄደች። ሰርኬ ያን ሁሉ ሰውና ያን ሙዚቃ አይታ ስትመለስ ደጄ ላይ ቆማ፣ "ጋሽ ታዲዮስ፣ ድግስ ነው እንጂ ጉዞ አይደለም!" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። ለኩላሊት ሄደች። ለጡት ካንሰር ሄደች። ለስኳር ሁለት ጊዜ ሄደች። ለአረጋውያን የሄደች ጊዜ "ከነሱ አንዷ መሆኔን ማንም አልጠረጠረም" ብላ አንድ ሳምንት ሙሉ ኮርታብን ነበር። ቅቤ የምትሸጠውም ከየጉዞው ባመጣችው ቲሸርት ሆነ። አጠገቧ በርበሬ የምትሸጠው ወለተጻድቅ በየጠዋቱ ትጠይቃታለች፤

"ሰርኬ፣ ዛሬ በየትኛው በሽታ ነሽ?"

"ዛሬ በስኳር ነኝ።"

"ከሰው ገላ ውስጥ ያልሄድሽለት ምን ቀረ?"

"ጣፊያ ብቻ።"

ውሸቷን ነበር። ሌላም ያልሄደችለት ነበረ። ርሆቦት ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ልጅቷ በወደቀች ቁጥር ሰርኬ አንድ ጊዜ "ደም ማነስ ነው"፣ አንድ ጊዜ "ፀሐይ መትቷት ነው"፣ ሌላ ጊዜ "ጾሙ ከብዷት ነው" ትለን ነበር። ሰው ከሰማ ልጄን ይርቋታል፣ ማንም አያገባትም ብላ ፈርታ ነው። መጀመሪያ ጠበል ወሰደቻት፤ ቆይታም ሐኪም ቤት። ሐኪም ቤት ስትሄድ እንኳ ሰው እንዳያያት በአስኮ በኩል ዞራ ነበር፤ ከሰፈራችን ተነሥቶ በአስኮ መዞር ግማሽ ከተማ እንደ መዞር ነው። ርሆቦት መድኃኒቱን በሥርዓት መውሰድ ከጀመረች ወዲህ አራት ዓመት ሆኗታል፤ አንድም ቀን አልወደቀችም።

ዘንድሮ ለሚጥል በሽታ ሕሙማን የእግር ጉዞ ተዘጋጀ። ከአዘጋጆቹ አንዷ ርሆቦት ናት። መነሻው ቀራንዮ፣ መድረሻው ዘነበወርቅ ሆነ፤ መንገዱም የሚያልፈው በሰርኬ በር ላይ ነው። ርሆቦት ሐምራዊ ቲሸርት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ደረቱ ላይ በትልልቅ ፊደል "የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ እናት ነኝ" ይላል።

"እማዬ፣ ይሄ ያንቺ ነው።"

"ጉልበቴን አሞኛል።"

"ለኩላሊት ስትሄጂ አላመመሽም።"

"እሱ እኮ መስቀል አደባባይ ነው! እዚያ ማን ያውቀኛል?"

"ለማታውቂው ሰው ኩላሊት ያን ሁሉ መንገድ ሄደሻል። ለእኔ በደጃችን አትሄጂም?"

ሰርኬ ቲሸርቱን ገልብጣ አጣጠፈችው። ርሆቦት "እኔ እሄዳለሁ፤ ብትመጪም ባትመጪም" ብላ ወጣች።

ሰርኬ ልጇን ብቻዋን መስደድ አልሆነላትም፤ ደረቷ ላይ ያለውን ለሰፈሩ ማስነበብም አልሆነላትም። እሁድ ጠዋት ቲሸርቱን ለብሳ ነጠላ ደረበችበት። መስታወት ፊት ስትቆም ፊደሉ በስሱ ነጠላ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ወዲያ አለችው፣ ወዲህ አለችው፤ አልሆነም። በመጨረሻ ጥለቱ ወፍራም መሆኑ ትዝ አላትና ነጠላውን ዘቅዝቃ ጥለቱን ደረቷ ላይ አደረገችው። ጽሑፉ አንድ ፊደል ሳይቀር ተሸፈነ። በዘዴዋ ተደስታ ወጣች። ነጠላዋን የዘቀዘቀች ሴት ሰው ሞቶባታል ማለት እንደሆነ፣ በዚያች ጠዋት ከጭንቅላቷ ጠፍቶ ነበር።

እኔና ወለተጻድቅ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ደጄ ላይ ስንቆም የሰልፉ ፊት አልፎ ጭራው ብቻ እየመጣ ነበር። ዳገት ስለሆነ ሰዉ ዝም ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀብር እንደሚሸኝ ነው የሚራመደው። ሁልጊዜ ከፊት ካልሆንኩ የምትለው ሰርኬ ከሁሉም ኋላ ናት፤ አንገቷን ደፍታለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች፤ ልጇ አጠገቧ የለችም።

ወለተጻድቅ ደረቷን መታች። "ወይኔ! ርሆቦት!"

እኔም ልጅቷ የሞተች መሰለኝ። የእድሩን ንብረት የሚጠብቀውን ከሊፋን ጠርቼ "ድንኳኑ ይውጣ" አልኩት። ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ወለተጻድቅ እየጮኸች ሰልፉ መሃል ገባች፤ ጩኸቷን የሰሙ ሴቶችም ነጠላቸውን እየዘቀዘቁ ከየግቢው ወጡ። ሰርኬ ይህን ስታይ ሰፈር ውስጥ ሰው የሞተ መሰላትና እሷም ማልቀስ ጀመረች።

"ማነው? ማን ሞተብን?" አለች ወለተጻድቅን አቅፋ።

"አንቺ ንገሪን እንጂ! ምነው ሳትነግሪን? ርሆቦት መቼ አረፈች?"

"የኔ ርሆቦት?"

ልጇ ከፊት መፈክር ይዛ ከሄደች ሩብ ሰዓት ሆኗታል፤ አትታይም። ሰርኬም ልጇ ከፊት ወድቃ ያረፈች መሰላት። እንዴት እንደሮጠች ልነግራችሁ አልችልም፤ ያ የታመመ ጉልበት የት እንደሄደ እንጃ። ነጠላዋ አስፋልት ላይ ቀረ። ሰልፉን ሰንጥቃ ፊት ስትደርስ ርሆቦት መፈክሩን ይዛ ከጓደኛዋ ጋር እየሳቀች ነው። ሰርኬ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘችው፤ አገላበጠችው።

"እማዬ! ምን ሆንሽ?"

እያለቀሰ የተከተላት ሰፈርተኛ ደርሶ ከበባቸው። ወለተጻድቅ ርሆቦትን በሕይወት አይታ "ተመስገን!" አለችና ቀጥሎ ዓይኗ በሰርኬ ቲሸርት ላይ አረፈ። ወለተጻድቅ ማንበብ አትችልም።

"ለመሆኑ ዛሬስ በምን ነሽ? ምን ይላል?"

ስለ ልብ ነው ብትላት ታምናት ነበር። ሰርኬ ልጇን አየች፤ ርሆቦትም አየቻት።

"የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ እናት ነኝ ይላል" አለች ሰርኬ። "እውነት ነው። ነኝ።"

ወለተጻድቅ እንባዋን እየጠረገች፣ "እሱንማ ካወቅን ስንት ዓመታችን!" አለች። "'ክብሪት ቶሎ፣ ክብሪት' እያልሽ በቀትር ትሮጪ የነበረው ለምን መስሎናል? ሲወድቁ የሚያሸቱትን እኛ አናውቅም?"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?"

"አንቺ ዝም ስላልሽ!"

መጀመሪያ የሳቀችው ርሆቦት ናት፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሰልፉ ውስጥ ገቡ፤ ማንም ወደ ቤቱ የተመለሰ የለም።

በዚህ መሃል ከሊፋ የድንኳኑን እንጨትና ሸራ በጭነት ባጃጅ ጭኖ ደረሰ። "ጋሽ ታዲዮስ፣ የት ልትከለው?" አለኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበል? ርሆቦት ደረሰችልኝ። "መድረሻው ጋ ጥላ የለም፣ ጋሼ" አለች። እኔም ቀድሞውንም እንዲህ አስቤ እንደነበር ሁሉ "ወደ ዘነበወርቅ!" ብዬ አዘዝኩ። ራሴም በባጃጁ ሄድኩ፤ ድንኳን የሚያስተክል ሰው ያስፈልጋል።

ረፋዱ ላይ ተጓዦቹ ደርሰው ጥላው ሥር ውሃ ሲጠጡ አንዲት የማናውቃት መንገደኛ ድንኳኑን አይታ ገባች። እንደ ወጉ አንገቷን ደፍታ ሰርኬ አጠገብ ተቀመጠችና "እግዚአብሔር ያጥናችሁ። ማን ነው ያረፈው?" አለች።

"ማንም" አለች ሰርኬ። "ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ያቻትና፣ ውሃ የምታድለው።"

ሴትዮዋ ርሆቦትን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ወደ ሰርኬ ጆሮ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች።

"መድኃኒቱ... የት ነው የሚሰጡት?"

ሰርኬ የገበያ ድምፅዋን አወጣች። "ርሆቦት! ወዲህ ነይ፣ እዚህ የምትነግሪያት ሰው አለች!"